የአባትዎን እግር የሚያቃጥለው ስኳሩ ነው ወይስ ግፊቱ?

ከዱባይ የተላከልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ደብረ ብርሃን ይኖራሉ። ስኳር ከያዛቸው 11 ዓመት ሆነ፤ ግፊቱ ከተገኘባቸው ደግሞ 6 ዓመት። ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ዳኦኒል ይወስዳሉ። ለግፊቱ ኢናላፕሪል ታዞላቸው ነበር፤ ደረቅ ሳል ስላስቸገራቸውና ‹ራሴን ካላመመኝ ግፊት የለብኝም› ስለሚሉ ትተውታል። ማታ ማታ እግራቸው ይለበልባቸዋል፤ ብርድ ልብስ ሲነካቸው እንኳ አይችሉም። ሰሞኑን ማቃጠሉ ቀለል ብሎላቸው በምትኩ እግራቸው መደንዘዝ ጀምሯል፤ እናቴ ተሻላቸው ብላ ደስ ብሏታል። አንዱ ሐኪም ከስኳሩ ነው ሲል ሌላው ከግፊቱ ነው አለ። የትኛው ነው? ይድናልስ? የሚያሞቅ የእግር ማሳጅ ማሽን ልልክላቸው አስቤያለሁ።»

እህቴ፣ ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ እናትዎ የተደሰቱበት ነገር ነው። ስኳሩም ግፊቱም ሳይስተካከል ማቃጠሉ ጠፍቶ መደንዘዝ ከተተካ፣ ነርቩ እያገገመ ነው ብሎ ማሰብ አይቻልም። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን ይናገር የነበረው ነርቭ ራሱ እየሞተ ነው። የተጎዳ ነርቭ ያቃጥላል፣ መርፌ መርፌ ይላል፣ ጉንዳን እንደሚሄድበት ይወርራል። የሞተ ነርቭ ዝም ይላል። ሰውን ለቁስልና ለእግር መቆረጥ የሚዳርገው በአብዛኛው ይህ ዝምታ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ለእናትዎ ደውለው የአባትዎን እግር በደንብ እንዲያዩላቸው ይንገሯቸው፤ እንዴት እንደሚያዩ ዝቅ ብዬ እጽፋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ሁለቱ ሐኪሞች የተናገሩት እርስ በርሱ አይጋጭም። እንዲህ ያለውን የሁለት እግር ማቃጠልና መደንዘዝ በዋናነት የሚያመጣው ስኳሩ ነው፤ ስኳር ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በጊዜ ብዛት የነርቭ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ግፊቱ ደግሞ ስኳሩ የጀመረውን ያባብሳል፣ ያፋጥናል። 11 ዓመት ስኳር፣ 6 ዓመት ግፊት ባለበትና የግፊቱን መድኃኒት ባቋረጠ ሰው ላይ ይህ ጉዳት የስኳሩ፣ ያኛው የግፊቱ ብሎ መለየት አይቻልም፤ ለሕክምናውም አይጠቅምም። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አንድ ነው፦ ነርቩን የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች።

የእግር አውራ ጣትን ስሜት ወደ ላይ የሚያደርሰው የነርቭ ክር ከወገብ አካባቢ እስከ ጣት ጫፍ አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ያ ሁሉ ርዝመት የአንድ ሕዋስ አካል ነው። የሕዋሱ ዋና ክፍል አከርካሪው አጠገብ ተቀምጦ፣ ጣት ጫፍ ላይ ያለው ክፍል የሚፈልገውን ሁሉ እያመረተ በክሩ ውስጥ ይልካል። የመስኖ ውኃ ሲያንስ ቀድሞ የሚደርቀው ከምንጩ የራቀው መደብ እንደሆነ ሁሉ፣ ነርቭም ሲቸገር መጀመሪያ የሚጎዳው ጫፉ ነው። ሕመሙ ከጣት ጀምሮ ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ባት የሚወጣው፣ ሁለቱንም እግር እኩል የሚይዘውም ለዚህ ነው። ጉልበት አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጣቶችም መደንዘዝ ይጀምራሉ። የአባትዎ ሕመም በአንድ እግር ብቻ ቢሆን፣ ወይም ከወገባቸው ተነስቶ ወደ ታች የሚወረወር ቢሆን ኖሮ ግን ስለ ወገብ ዲስክ እጠይቅዎ ነበር።

ስኳሩ ነርቩን የሚጎዳው እንዲህ ነው። ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር የሚወስደው በአብዛኛው ኢንሱሊን ሲያዘው ነው። ነርቭና የደም ሥር የውስጥ ሽፋን ግን የኢንሱሊንን ትእዛዝ አይጠብቁም፤ ደም ውስጥ ስኳር በበዛ ቁጥር እነሱም ውስጥ ይበዛል። ከተረፈው ስኳር ከፊሉ ሶርቢቶል ወደሚባል ነገር ይለወጣል፤ ይህ ሂደት ሕዋሱ ራሱን ከጉዳት የሚከላከልበትን አቅም ያሟጥጣል። ከፊሉ ደግሞ ከፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። የሦስት ወር ስኳር የምንለው ምርመራ፣ ማለትም ኤችቢኤዋንሲ፣ የሚለካው ከቀይ የደም ሕዋስ ፕሮቲን ጋር የተጣበቀውን ስኳር ነው። ያው መጣበቅ በነርቩ ላይም፣ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይም ሲካሄድ ከርሟል። እኔ ያንን ቁጥር ሳይ የማስበው ይህንኑ ነው። የደም ሥሩ ግድግዳ ይወፍራል፤ ደም ሥርን የሚያላላው ናይትሪክ ኦክሳይድም ይቀንሳል።

ግፊቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ትንንሾቹ የደም ሥሮች ከፍ ያለ ግፊት ለዓመታት ሲገፋቸው፣ እሱን ለመቋቋም የጡንቻ ግድግዳቸውን ያወፍራሉ፤ ግድግዳው ሲወፍር ቀዳዳው ይጠባል። ስኳሩ ያጠበበውን ግፊቱ ጨምሮ ያጠብበዋል። ብዙ ታካሚዎች ግፊትህ በዝቷል ሲባሉ ደሙ በኃይል እየደረሰ ነው ማለት ይመስላቸዋል። ክንድ ላይ የሚለካው ቁጥር 170 ሆኖ ሳለ ግን ነርቩ ውስጥ ደምና ኦክስጅን ሊያንስ ይችላል። አንጎል ግፊት ሲወጣም ሲወርድም የሚደርሰውን ደም የማመጣጠን ችሎታ አለው፤ የእግር ነርቭ ይህ ችሎታ የለውም ማለት ይቻላል። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ስኳር በጎዳው እግር ላይ ደሙ ጥቃቅኖቹን ሥሮች ሳያዳርስ በአቋራጭ ወደ ደም መላሽ ሥር ያልፋል። እግሩ ሲዳሰስ ሞቅ ይላል፣ ትርታውም ደህና ነው፣ ቆዳውና ነርቩ ግን የሚበቃቸውን አላገኙም። ስለዚህ እግራቸው ሞቃት ነውና ደም ይደርሰዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ኩላሊትም አለ፤ ሁለቱ በሽታዎች ኩላሊትን ሲጎዱ፣ የተጎዳው ኩላሊት ግፊቱን ይብስ ከፍ ያደርገዋል፣ ሳያጣራ የቀረው ቆሻሻም በተራው ነርቭን ይጎዳል።

ይህ በጥናት የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የአይጦች ጥናት፣ ስኳር ሳይኖርባቸው ግፊት ብቻ ያለባቸው አይጦች ነርቭ የደም እጥረት ገጥሞት፣ መልእክት ማስተላለፉ ዘግይቶ፣ ማየሊን የሚባለው ስባም ሽፋኑም በየቦታው ሳስቶ ተገኝቷል። ስኳር ብቻ ባለባቸው አይጦች ላይ ይህ የሽፋን መሳሳት አልታየም። ሁለቱ ሲደራረቡ ጉዳቱ ከሁሉም ባሰ። በሰዎች ላይ ደግሞ ዩሮዲያብ የተባለው የአውሮፓ ጥናት አለ፤ በእንግሊዝ ሼፊልድ የሚሠሩት ፕሮፌሰር ሰሎሞን ተስፋዬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ነው። ሲጀመር ነርቫቸው ጤነኛ የነበረ 1,172 ዓይነት አንድ ስኳር (ሰውነት ኢንሱሊን ማምረት ሲያቆም የሚመጣው) ያለባቸውን ሰዎች ለሰባት ዓመት ያህል ተከታተሉ፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ የነርቭ ጉዳት ደረሰበት። የስኳሩን መጠንና የቆየበትን ዘመን በስሌት ለይተው ካወጡት በኋላ እንኳ ግፊት፣ የደም ስብ፣ ውፍረትና ሲጋራ ከነርቭ ጉዳቱ ጋር ተያይዘው ተገኙ። በእኔ እምነት ከዚህ ጥናት በኋላ እግሩ የሚያቃጥለውን ሰው ስኳሩን ብቻ ለክቶ መሸኘት ሕክምና ሊባል አይችልም።

ስለዚህ አባትዎ የግፊት መድኃኒታቸውን መተዋቸው ቶሎ መስተካከል አለበት። ደረቅ ሳሉ የኢናላፕሪል የታወቀ ጠባይ ነው፤ እሳቸው የተናገሩት እውነት ነው፣ ሊሰሙም ይገባ ነበር። መድኃኒቱ ግን ይቀየራል እንጂ እንዲሁ አይተውም። ሎሳርታንን የመሰለ የቅርብ ዘመዱ ኩላሊትን በመጠበቅ ረገድ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ሳሉ ግን በእሱ እምብዛም አይታይም። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ አይገባም። ከመጀመራቸው በፊትና ጀምረው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክሬያቲኒን የሚባለውን የኩላሊት ምርመራና ፖታሲየም ይመርመሩ። ራስ ምታትን በተመለከተ፣ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ዓይነት ስሜት የለውም፤ ራሴን ካላመመኝ ደህና ነኝ የሚለው ሐሳብ ስንቱን ሰው ለስትሮክ እንደዳረገ በየዎርዱ አይተናል። የእንግሊዙ ዩኬፒዲኤስ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ውጤት ስኳርና ግፊት አንድ ላይ ባለባቸው 1,148 ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። ግፊታቸው በአማካይ 144/82 የሆነው ሰዎች 154/87 ከሆነው ጋር ሲነጻጸሩ ስትሮክ በ44 በመቶ፣ ከስኳር ጋር የተያያዘ ሞት ደግሞ በ32 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የላይኛው ቁጥር ልዩነት አሥር ብቻ ነው። ዛሬ ስኳር ላለበት ሰው፣ ከቻለው፣ ከ130/80 በታች እንዲሆን እንፈልጋለን። ይሁንና የግፊት መድኃኒት የደነዘዘን እግር ስሜት ይመልሳል የሚልዎ ካለ አይመኑት። የሚጠብቀው የቀረውን ነው፤ ከነርቩም በላይ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን።

ወደ እግራቸው እንመለስ። ክሊኒክ ውስጥ ስሜት የምንፈትሽበት አንዱ መንገድ ቀላል ነው። አንዲት ቀጭን የናይለን ክር አለች፤ አሥር ግራም ኃይል ሲያርፍባት ትጎብጣለች። ታካሚው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ክሯን በአውራ ጣቱ ሥርና በመርገጫው ላይ እያሳረፍን «ሲነካዎት ይንገሩኝ» እንላለን። ስሜቱ የጠፋበት ሰው ብዙ ቦታ ነክተነው ከጨረስን በኋላ «አልጀመርክም እንዴ?» ይላል። ያንን ሲል አብሮት የመጣው ቤተሰብ ፊት ይለወጣል፤ እሱ ራሱ ግን እግሩ ምን ያህል እንደተለየው እስከዚያች ሰዓት አያውቅም ነበር። ከክሯ ጋር የሚርገበገበውን የንዝረት መፈተሻ ሹካ አውራ ጣቱ ላይ እናስቀምጣለን፣ የቁርጭምጭሚቱን ሪፍሌክስ እናያለን። አባትዎ ይህ ተደርጎላቸው ካልሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ጫማና ካልሲያቸውን አውልቀው «እግሬን እዩልኝ» ይበሉ። ይህን ለመጠየቅ ማንም ማፈር የለበትም።

ደብረ ብርሃን ብርዱ ከባድ ነው፤ ሰው ማታ ከሰል ዙሪያ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። የደነዘዘ እግር እየተቃጠለ አያውቅም። ጠዋት ውኃ የቋጠረ ቆዳ ያያሉ፣ «ምን ነክቶኝ ይሆን» ይላሉ፣ በሳምንቱ ያመረቅዛል። ለማቃጠሉ ተብሎ በሙቅ ውኃና በጨው መዘፍዘፍም እንዲሁ አደገኛ ነው። ብርዱን በወፍራም የጥጥ ወይም የሱፍ ካልሲ ይከላከሉ፤ ካልሲው ላስቲኩ ባታቸውን የማያንቅ ይሁን። የመታጠቢያውን ውኃ ሙቀት እናትዎ በክርናቸው ይለኩላቸው፤ አባትዎ ራሳቸው በእግራቸው አይሞክሩት። ውስጥ እግር ላይ የደረቀ ቆዳ ሲጠነክር በምላጭ መቅረፍ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ይቅር። ከጠነከረው ቆዳ ሥር ጥቁር ወይም ቀይ ነጥብ ከታየ ውስጥ ለውስጥ ቁስል ጀምሯል ማለት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

እናትዎ በየምሽቱ የስልካቸውን መብራት አብርተው ውስጥ እግራቸውን፣ ተረከዛቸውንና የጣቶቻቸውን መሐል ይዩላቸው። ስንጥቅ፣ ርጥበት፣ ውኃ የቋጠረ፣ የቀላ ወይም የጠቆረ ነገር ነው የሚፈልጉት። ጠዋት ጫማ ከማጥለቃቸው በፊት እጃቸውን ውስጥ ከትተው ይዳስሱ፤ ጠጠር፣ ሚስማር፣ የታጠፈ ስፌት ሊኖር ይችላል፤ ስሜት የሌለው እግር ቀኑን ሙሉ ጠጠር ረግጦ ይውላል። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙና ሲያስቀድሱ ጫማ ማውለቃቸው ግድ ነው፤ ያኔም ወፍራም ካልሲ አድርገው ይግቡ፣ ቤት ሲመለሱ ደግሞ እግራቸው ይታይ። ግቢ ውስጥም ቢሆን ባዶ እግራቸውን አይሂዱ።

አንድ ነገር ግን ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። ስኳርና ግፊት ስላለባቸው ብቻ ሁሉንም በእነሱ ላይ ማሳበብ አይገባም። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 መጠን ሊቀንስ ይችላል፤ የቢ12 እጥረት ደግሞ ልክ እንዲህ ያለ መደንዘዝና ማቃጠል ያመጣል፣ ሚዛንም ያስታል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ጿሚ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ከእነዚህ ይታቀባል። ጾሙ ብቻውን ሁሉንም ሰው አይጎዳም፤ ጉበት ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ክምችት አለው። ለዓመታት ሜትፎርሚን ሲወስድ ለቆየ ጿሚ ግን ምርመራው አስፈላጊ ነው፤ እጥረት ከተገኘ የሚታከም ነገር ነውና እኔ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ወስደው ከሆነ፣ አረቄ የሚያዘወትሩ ከሆነ፣ የታይሮይድ ችግር ካለባቸው ለሐኪማቸው ይንገሩ። የቢ ቫይታሚን መርፌና ክኒን ከፋርማሲ እየገዙ ሳያቋርጡ መውሰድ ግን መፍትሔ አይደለም፤ አብሮት ያለው ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ስለ ጾም ካነሳሁ ዳኦኒልን ልጨምር፤ እስከ ከሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ዳኦኒል መዋጥ ስኳርን አደገኛ በሆነ መጠን ሊያወርድ ይችላል። የሚጾሙ ከሆነ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ከሐኪማቸው ጋር ይስተካከል፤ ከንስሐ አባታቸውም ጋር ይነጋገሩበት።

ሌሊት ለሚያቃጥላቸው ምን ይወሰድ? ዲክሎፌናክ አይሁን። በየፋርማሲው ያለ ትእዛዝ ይሸጣል፤ ለነርቭ ሕመም እምብዛም አይረዳም፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ስኳርና ግፊት የነካውን ኩላሊት ደግሞ ይጨርሳል። ለነርቭ ሕመም የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፦ አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን፣ ዱሎክሴቲን። ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸው ፕሮፌሰር ሰሎሞን እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ሌላ ጥናት 130 ሰዎች ላይ አሚትሪፕቲሊን፣ ዱሎክሴቲንና ፕሪጋባሊን በየተራ ተሞክረው ነበር፤ የትኛውም ቢቀድም ሕመሙን የሚቀንሱት ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነው፤ አንዱ ብቻውን ላልበቃው ሁለተኛ መጨመር ረድቶታል። ይህን የምነግርዎ ከዱባይ ውድ መድኃኒት ለመላክ እንዳይቸኩሉ ነው፤ እዚሁ በርካሽ የሚገኘው አሚትሪፕቲሊን ከሌሎቹ አያንስም። በትንሽ መጠን ማታ ይጀመራል፤ ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋል። አፍ ያደርቃል፣ ሲቆሙ ሊያዞር ይችላል፣ ፕሮስቴት ወይም የልብ ምት ችግር ላለበት ሰው አይመከርም። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን መጠናቸው በኩላሊት ውጤት ይወሰናል፤ እግርም ሊያሳብጡ ይችላሉ። ዱሎክሴቲን ግፊትን ትንሽ ሊጨምር ስለሚችል ግፊታቸው ሳይስተካከል ባይጀመር እመርጣለሁ።

አሚትሪፕቲሊን ከመጀመሩ በፊት አንድ ልኬት ይደረግ፤ እቤት ሊሠራ ይችላል። አምስት ደቂቃ ተጋድመው ግፊታቸው ይለካ፤ ከዚያ ይቁሙ፣ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይለካ። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ጉዳቱ የደም ሥርንና የልብን ሥራ የሚቆጣጠሩት ነርቮች ላይም ደርሶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ተኝቶ ሲለካ ግፊቱ ከፍ ብሎ፣ ቆሞ ሲሄድ ደግሞ ዝቅ ይላል። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ የተኛበትን ቁጥር አይቶ መድኃኒት ይጨምራል፣ ሰውየው ሌሊት ለሽንት ሲነሳ ይወድቃል። የዚህ ዓይነት ሰው ድንገተኛ የልብ ሕመምም (የልብ ደም ሥር ሲዘጋ የሚመጣው) ደረቱን ሳያመው ሊመጣ ይችላል፤ አባትዎን ድንገት ላብ ካጠመቃቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ካጥወለወላቸው፣ ደረቴን አላመመኝም ቢሉም ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ።

ምናልባት ክኒኑ አልበቃ ብሎ ኢንሱሊን ይጀምሩ ይባሉ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በጥቂት ወራት ውስጥ በፍጥነት ሲወርድ የነርቭ ሕመም ለጊዜው ሊብስ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት «ኢንሱሊኑ ነው ያቃጠለኝ» ብሎ ይተወዋል። አስቀድመው ካወቁት አይደነግጡም፤ ሐኪሙም ቀስ ብሎ ያወርደዋል። የዓይናቸው ውስጥም ከዚያ በፊት ቢታይ መልካም ነው፤ ፈጣኑ ለውጥ ዓይንንም ለጊዜው ሊያስቸግር ይችላል።

ይድናል ወይ ላሉኝ፦ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ጉዳቱን ማዘግየት ይቻላል፤ የጠፋውን ስሜት ሙሉ በሙሉ መመለስ ግን በአብዛኛው አይቻልም። ጤነኛ ሰው ላይ የተቆረጠ ነርቭ እንኳ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስኳር ባለበት ሰው ከዚያም ይዘገያል። በአንድ ሜትር ቢያሰሉት ዓመታት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 ዲሲሲቲ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ዓይነት አንድ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር የነርቭ ጉዳትን በ60 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በአባትዎ ዓይነት፣ ማለትም በዓይነት ሁለት፣ ጥቅሙ ከዚህ ያነሰ ነው። ያ ነው እንግዲህ ግፊቱን፣ የደም ስቡን፣ ክብደትንና እንቅስቃሴን ችላ ማለት የማይቻለው፤ በዓይነት ሁለት ስኳሩን ብቻ በማሳደድ ነርቭ አይድንም። እግራቸው ላይ ቁስል ከሌለ ጥሩ ጫማ አድርገው በየቀኑ ይራመዱ።

ማሽኑን አይላኩ። የሚያሞቅ ነገር በደነዘዘ እግር ላይ ማቃጠያ ነው፤ ማሻሸቱም ያልታየ ቁስል ሊቀድድ ይችላል። በገንዘቡ ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያና አሁን ላላቸው የስኳር መለኪያ የሚስማማ ስትሪፕ ይላኩላቸው፤ መለኪያ ኖሮ ስትሪፕ ያጡ ብዙ አባቶች አሉ። ሌላው ጫማ ነው። ስሜቱ የቀነሰ እግር ጫማ መያዙን የሚያውቀው ሲጠብቀው ብቻ ስለሆነ፣ ራሳቸው ቢመርጡ የሚያንሳቸውን ይመርጣሉ። ወደ ማታ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ፣ ወረቀት ላይ ቆመው እናትዎ በእርሳስ ዙሪያውን ያስምሩ፤ ሁለቱንም እግር። ያንን ወረቀት አስልከው፣ ፊቱ ሰፊ፣ ሽፍን፣ ውስጡ ስፌት የሌለው ጫማ ይግዙላቸው። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ብቻ አድርገውት እግራቸው ይታይ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮችም አሉ፦ ማንኛውም ቁስል፣ የጠቆረ ጣት፣ ሽታ፣ ትኩሳት። አንዱ እግር ብቻ ድንገት ከቀላ፣ ካበጠና ከሌላው ይልቅ ከሞቀ፣ ባያምም እንኳ፣ የአጥንቱ መገጣጠሚያ እየፈረሰ ሊሆን ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ እንደ ሪህ ወይም እንደ ኢንፌክሽን ታይቶ ይታለፋል። በዚያ እግር መርገጥ አቁመው በዚያኑ ቀን ራጅ ይነሱ። ለሌላው ደግሞ በዚህ ሳምንት የሦስት ወር ስኳር፣ ክሬያቲኒን፣ የሽንት ፕሮቲን፣ የደም ስብና የሚገኝ ከሆነ ቢ12 ያሠሩ፤ ተጋድመውና ቆመው የተለካውን ግፊት ይጻፉ። ወረቀቶቹን ለሐኪማቸው ይዘው ይሂዱ፤ ለእኔም ከላኩልኝ ስለ ማታው ማስታገሻ መጠንና ስለ ግፊቱ መድኃኒት ከዚያ ተነስቼ እመልስልዎታለሁ።